በጎንደር ሆቴላችን የማግኔት ካርድ ማንበቢያ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት የታየው

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ መካከለኛ ሆቴል ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍልን እመራለሁ። ሠራተኞቻችን በሦስት ፈረቃ ስለሚሠሩ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ምዝገባችን በቀጥታ ከደመወዝና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በፊት በጣት አሻራ መመዝገቢያ እንጠቀም ነበር፤ ነገር ግን በልብስ ንጽሕናና በወጥ ቤት የሚሠሩ ባልደረቦቻችን የጣታቸው መስመር በውኃ፣ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ስለሚደበዝዝ መሣሪያው ብዙ ጊዜ አይቀበላቸውም ነበር። በሰዓቱ የገባ ሰው እንደ ዘገየ ወይም እንደ ቀረ መቆጠሩ በደል ነው። በዚህ ምክንያት በመስከረም ወር ወደ ማግኔት ካርድ ተሻገርን፤ ለመሥሪያ ቤታቸው ተመሳሳይ መሣሪያ ለመምረጥ የሚያስቡ ሰዎች እንዲጠቀሙበት እስከ አሁን ያየሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

የገዛነው ካርዱ በእጅ የሚንሸራተትበት፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝና ሦስቱንም ትራኮች (በካርዱ የማግኔት መስመር ላይ መረጃ የሚጻፍባቸውን ረድፎች) የሚያነብ አነስተኛ ማንበቢያ ነው። ይኸው ንድፍ በገበያ ላይ በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጥ ከስሙ ይልቅ ባሕርዩን መግለጽ ይሻላል። የተለየ የኃይል ምንጭ አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ ልክ እንደ ተጨማሪ ኪቦርድ ይቀበለዋል፤ ካርዱ ከቀኝም ከግራም ቢሳብ፣ ጥቁሩ መስመር ወደ ማንበቢያው ራስ እስከዞረ ድረስ ያነባል። ሥራው በመሠረቱ ከድሮው የካሴት ማጫወቻ ሄድ የተለየ አይደለም፤ በካርዱ መስመር ላይ የተጻፈው ማግኔት በማንበቢያው ራስ ፊት ሲያልፍ የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ስለዚህ ካርዱ መንቀሳቀስ አለበት። በጥበቃ ላይ የሚሠሩት አባታችን በጥንቃቄ ብዛት ካርዱን መሐል ላይ ቆም ያደርጉት ስለነበር መሣሪያው ዝም ይላቸው ነበር፤ ሳያቋርጡ በአንድ ፍጥነት እንዲስቡት ካሳየናቸው በኋላ ችግሩ ቀርቷል።

ከሁሉ በላይ ማስገንዘብ የምፈልገው፣ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ በማንበቢያው ዋጋ ላይ ሲከራከሩ የሚዘነጉት ነገር ካርዱ መሆኑን ነው። የማግኔት ካርዶች በሁለት ዓይነት ይመጣሉ። ሎኮ የሚባለው፣ ጽሑፉ በሌላ ማግኔት እንዳይጠፋ የሚከላከለው የማግኔት ጥንካሬው ኦርስቴድ በሚባለው መለኪያ ወደ 300 ሲጠጋ፣ ሃይኮ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ 2,750 ኦርስቴድ ነው። ሁለቱንም አንድ ማንበቢያ ያነባቸዋል፤ ልዩነታቸው የሚታየው ካርዱ በሰው ኪስ ውስጥ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ነው። ካርዶቹን ያመጣልን አቅራቢ ሃይኮ ናቸው ብሎ ነበር የሸጠልን፤ መስመራቸው ግን ወደ ቡናማ የሚያደላ ነበር። ሃይኮ በብዛት ጥቁር፣ ሎኮ ደግሞ ቡናማ መሆኑ በቂ ማስረጃ ባይሆንም ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል። ኅዳር ላይ የአስተናጋጆቹ ካርዶች እርስ በርስ ተከታትለው መነበብ አቆሙ። ስንመረምር አብዛኞቹ ካርዱን የሚይዙት ክዳኑ በማግኔት ከሚዘጋ የስልክ ቦርሳ ጋር በአንድ ኪስ ነበር። ትክክለኛ ሃይኮ ካርድ ካስመጣን ወዲህ፣ በዚያው ኪስ ከዚያው ስልክ ጋር እየተያዘ እንኳ ጽሑፉ የጠፋበት ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ስለዚህ በግዥ ሰነዱ ላይ የማግኔት ጥንካሬው በቁጥር እንዲጻፍና ሙሉው ብዛት ከመረከቡ በፊት ጥቂት ካርዶች እንዲፈተኑ አጥብቄ እመክራለሁ።

በካርዱ ላይ ምን እንደሚጻፍም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ትራክ አንድ እስከ 79 ምልክት ሲይዝ ፊደልና ቁጥር ይቀበላል፤ ፊደሉ ግን የላቲን ትልልቅ ፊደል ብቻ ስለሆነ ስማችንን በግእዝ ፊደል መጻፍ አይቻልም። ትራክ ሁለት እስከ 40 ምልክት የሚይዝና በቁጥር ብቻ የሚሠራ ነው። እኛ በትራክ ሁለት ላይ ስድስት አሃዝ ያለው የሠራተኛ መለያ ቁጥር ብቻ አስጽፈናል፤ ስሙ፣ የሥራ ክፍሉና ፈረቃው በኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው መዝገብ ይመጣል። ይህ ውሳኔ ሠራተኛ የሥራ ክፍል ሲቀይር ካርዱን ከመቀየር አድኖናል፤ ካርዱ ወድቆ ቢገኝም የሚናገረው ነገር የለም።

ማንበቢያው እንደ ኪቦርድ መሥራቱ ግን ምቾትም ችግርም አለው። ያነበበውን ቁጥር የሚጽፈው ጠቋሚው ባለበት ቦታ ላይ ነው። በእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ሰክተነው በነበረበት ጊዜ፣ የመቀበያ ባልደረባችን የእንግዳ ቅጽ ከፍታ እየሞላች ሳለ አንድ ሠራተኛ ካርዱን ሲስብ ቁጥሩ በእንግዳው የስልክ ቁጥር ቦታ ላይ ገብቶ አገኘነው። ማንበቢያው ድምፅ ሰጥቷል፣ አረንጓዴ መብራትም አሳይቷል፤ ሠራተኛው ተመዝግቤያለሁ ብሎ ሄዷል፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን የለም። ድምፁ ካርዱ መነበቡን እንጂ ምዝገባው መፈጸሙን አያረጋግጥም። የአማርኛ መጻፊያው ተከፍቶ ሲቆይ ደግሞ ትራክ ሁለት የሚጀምርበት ሴሚኮለን ወደ ድርብ ሰረዝ ስለሚለወጥ ፕሮግራሙ ቁጥሩን አላውቀውም ይላል። ሁለቱም ችግሮች የተፈቱት ለምዝገባ ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ኮምፒውተር በሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ካስቀመጥንና ሠራተኛው ስሙን በስክሪኑ ላይ አይቶ እንዲያልፍ ካደረግን በኋላ ነው። ለምዝገባ የተለየ ኮምፒውተር ማስቀመጥ የማይችል መሥሪያ ቤት እንደ ኪቦርድ ሳይሆን በቀጥታ ከፕሮግራሙ ጋር ብቻ የሚነጋገር ማንበቢያ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ማንበቢያው የራሱ ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም በእኛ ከተማ መብራት በሚቆራረጥበት ሁኔታ ከባድ ጉዳይ ነው። የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ደክሞ ስለነበር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ዓመታትን ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ባትሪውን ቀይረን ኮምፒውተሩን በአነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ አድርገነዋል። ሌላው ችግር የሌሊት ፈረቃ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ ፈረቃው በፕሮግራሙ አቆጣጠር ለሁለት ቀን ይከፋፈላል፤ ቀኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለወጣልና። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ስለማይበልጥ፣ አንዱ ፈረቃ ለሁለት ሲሰነጠቅ የትርፍ ሰዓት ስሌቱ ይዛባል። ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ አንድ ሙሉ የሌሊት ፈረቃና አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ወር አስልቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

በበጋው አቧራ ምክንያት በማንበቢያው ስንጥቅ ውስጥ ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ ከወጥ ቤት የሚመጡ ካርዶች ደግሞ የቅቤና የዘይት ስስ ሽፋን ይዘው ይመጣሉ። በአልኮል በረጠበ ስስ ጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ካርድ በየሳምንቱ ብናሳልፍ ጨርቁ ጠቁሮ ይወጣል፤ ማንበቢያውም ወዲያው ይሻሻላል። ከዚህ ሌላ የጠየቀን ጥገና የለም።

ስለ ደኅንነቱ ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። የማግኔት ካርድ በቀላሉ ይገለበጣል፤ አንዱ የሌላውን ካርድ ይዞ ቢስብለትም መሣሪያው አያውቅም። በእኛ በር ላይ ጥበቃ ስላለና ስክሪኑ ላይ የሠራተኛው ፎቶ ስለሚወጣ ይህ ተቃሎልናል፤ ለገንዘብ ክፍል ወይም ለዕቃ ግምጃ ቤት በር ግን ይህን ካርድ ፈጽሞ አላምነውም። የባንክ ካርድ በማንበቢያው ላይ መሞከርንም በጥብቅ ከልክለናል፤ ምክንያቱም የካርዱ ቁጥር ሳይሸፈን በስክሪኑ ላይ ይጻፋል።

የጥምቀት ሰሞን ጊዜያዊ ሠራተኞች ስንቀጥር አንድ ሌላ ነገር ተገለጠ፦ ማንበቢያ ያነባል እንጂ አይጽፍም። መጻፊያው ለብቻው የሚገዛና ዋጋውም የላቀ መሣሪያ ነው። እኛ ከአቅራቢው ላይ ቁጥራቸው አስቀድሞ የተጻፈ ትርፍ ካርዶች አዝዘን ስለነበር፣ ከከተራ በፊት ለእያንዳንዱ ጊዜያዊ ሠራተኛ አንዱን ሰጥተን በመዝገቡ ላይ ስሙን ከቁጥሩ ጋር ማገናኘት ብቻ በቂ ሆነ፤ በዓሉ ሲያልፍ ካርዶቹን ሰብስበን ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጠናቸዋል። ከሐምሌ ጀምሮ ለግምጃ ቤቱ በር ብቻ ሳይነካ የሚነበብ ባለ ቺፕ ካርድ እንድንገዛ ለአስተዳደሩ ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ በሠራተኞች መግቢያ ያለው ማንበቢያ ግን በቦታው ይቀጥላል።