የጃንሆይ ብር ወይስ የደርግ? አሮጌ ኖት ለመግዛት ላሰባችሁ

ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ አሮጌ ብር ስትጠይቁ ሻጩ የጃንሆይን፣ የደርግንና በ2013 የተቀየረውን ጎን ለጎን ይዘረጋላችኋል። የቱን ልግዛ ለምትሉ የኔን ምርጫ ልንገራችሁ።

የመጨረሻውን ቶሎ ልለፈው። ገበሬው በጥማድ በሬ የሚያርስበት መቶ ብር በየቤቱ ገና ሞልቷል። ለማስታወሻ ያዙት፣ ብዙ ግን አትክፈሉበት።

የጃንሆይ ብር ላይ ረጋ በሉ። መጀመሪያ የባንኩን ስም አንብቡ። «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚለው ብሔራዊ ባንክ በ1956 ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ነው፤ «ብሔራዊ ባንክ» የሚለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ሁለቱም በአማርኛ ብር፣ በእንግሊዝኛ ዶላር ይላሉ፣ ስለዚህ ዶላር የሚል ስላያችሁ ብቻ ፎርጅድ ነው ብላችሁ እንዳትመልሱት። እኔ የመንግሥት ባንኩን እመርጣለሁ። አምስት መቶውን ካገኛችሁማ ቢታጠፍም ቢያረጅም አትለፉት፣ እሱ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

የደርጉ ላይ 1969 የሚል ዓመት አለ። እሱን አትመኑ። ያው ዓመት ደርግ ከወደቀ በኋላ በወጡትም ላይ ታትሟል፣ ዘመኑን የሚለየው የባንኩ ገዥ ፊርማ ነው። ለምሳሌ የታደሰ ገብረኪዳን ፊርማ ያለበት በደርግ ዘመን የወጣ ነው።

አሁን በአንድ ዋጋ ሁለት ቀረበላችሁ እንበል፦ አምስት ቦታ ታጥፎ ጥጉ የተበላ የጃንሆይ አንድ ብር፣ እና ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለበት፣ ሰው እጅ ያልገባ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ የደርግ አንድ ብር። የደርጉን ውሰዱ! ሰብሳቢ ዕድሜ ብቻ አይገዛም፣ ጥራትም ይገዛል፣ ነገ መልሳችሁ ስትሸጡት የመጀመሪያው ጥያቄ «ታጥፏል ወይ?» ነው።

እዚህ ላይ ተበልቻለሁ። አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት የጃንሆይ አምስት ብር ታጥቦ በካውያ የተተኮሰ ነበር፣ እስካሁን ያናድደኛል። ብርሃን ላይ ስትይዙት የድሮው እጥፋት መስመር ይታያል። በጣት ስትዳስሱት ደግሞ ከፍ ብሎ የሚሰማው ቀለም ጠፍጥፎ ልስልስ ብሏል። እቤት ያላችሁንም በሳሙና እንዳትነኩ፣ የተቀደደውን በፕላስተር እንዳትለጥፉ፣ ዋጋውን የባሰ ይጥለዋል። ሻጩ ከላስቲኩ አውጥታችሁ እንድታዩ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።