ወደ አል ኡላ ጉዞ እናዘጋጃለን ለሚሉ ሰዎች ሳታጣሩ እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ካለችው አል ኡላ ወደ ጅዳ በተመለስኩ ማግስት፣ ንዴቱ ገና ሳይበርድልኝ ነው። በየበዓሉ ሰሞን በዋትስአፕ ግሩፖቻችን ማስታወቂያ የሚለጥፉትን ያገራችንን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ ገንዘቡን አስቀድመው ይሰበስባሉ፣ ደረሰኝ ሲጠየቁ ደግሞ «በእኛ መካከል ምን ደረሰኝ ያስፈልጋል?» ይላሉ። እኔም ለራሴና ጠቅልላ አገር ቤት ለምትገባው ታናሽ እህቴ 900 ሪያል ከፈልኩ። የእህቴ ምኞት እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጥንታዊ ከተማ ሄግራን፣ በተለይም በበረሃው መካከል ብቻውን ከቆመ የአሸዋ ድንጋይ አለት የተፈለፈለውን ቀስር አል ፈሪድን ማየት ነበር። ናባታውያን የተባሉት የጥንት ዐረቦች ይህን መቃብር ከላይ ወደ ታች ሲጠርቡት ሳይጨርሱት ስለቀሩ፣ የመሮው ምልክት ዛሬም ከግርጌው እንደሚታይ ከነገርኳት ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘን ስንደርስ የመግቢያው ሠራተኛ የእህቴን ስልክ ተቀበለ፤ ቲኬት ተብሎ የተላከልንን ፎቶ በሁለት ጣቱ አስፍቶ አየና፣ ጣቱን ቀኑ ላይ አሳርፎ ካሳያት በኋላ ስልኩን መለሰላት። ቀኑ ያለፈው ወር ነበር፤ ስሙም የእኛ አልነበረም። አዘጋጁ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ በመስኮት በኩል «እህቴ፣ ድንጋይ እኮ ነው! ከአጥሩ ውጭ ብታዩትስ ምን ይጎድላችኋል?» አለኝ። እህቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ለፎቶ ብላ የለበሰችውን ነጠላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወደ ጀበል አል ፊል ወሰደን። ኩምቢውን መሬት ያስነካ ዝሆን የሚመስለው ይህ 52 ሜትር ከፍታ ያለው አለት በእርግጥ ያምራል፤ እኛ የከፈልነው ግን ለእሱ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የራሴ ሞኝነት ነው። ያ ፎቶ ከጉዞው አራት ቀን በፊት እጄ ገብቶ ነበር፤ ቀኑም በጉልህ ተጽፎበታል። እኔ ግን በገዛ ቋንቋዬ፣ በትሕትና ያነጋገረኝን ሰው መጠራጠር ነውር መስሎኝ፣ ሳላነበው «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ መለስኩለት።

ሄግራ የሚገባው ቀኑና ሰዓቱ ተለይቶ አስቀድሞ በተያዘ ጉብኝት ስለሆነ፣ ቲኬቱን በራሳችሁ ስም ከአል ኡላ ይፋዊ ድረ ገጽ ግዙ፤ ለአዘጋጅ የምትከፍሉት የመኪናውን ብቻ ይሁን። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ትናንት ማታ ጻፍኩለት፤ መልእክቱን አንብቦ ዝም ብሏል። የእህቴ በረራ ማክሰኞ ነው።