ደም ሳያይ መድኃኒት የማይሰጠው ሐኪማችን

የህዳር ሚካኤል ማግስት በረቱን ስከፍት አንዷ በጌ ሞታ አገኘኋት። ማታ ስትገባ ደህና ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሌላዋ ደገመች። 19 ነበሩ፣ 17 ቀሩ። የቀሩትም ከመንጋው ወደኋላ ይጎተታሉ፣ ሆዳቸውን ስነካቸው ይሸሻሉ።

እኔም እንደ ማንም ሰው መድኃኒት መሸጫ ሮጥኩ። የትኛው እንደሆነ ልተወው። ሻጩ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ አልቤንዳዞል ቆጥሮ ሰጠኝ። «ትል ነው፣ ይለቃቸዋል» አለ። አልለቃቸውም። በጠጣቸውን አስመረመርኩ፣ «እንቁላል የለም፣ ከጉበት ትል ነጻ ናቸው» ተባልኩ። ነጻ የሆነ በግ እንዲህ ይሆናል እንዴ?

በመጨረሻ የዚህን ወጣት የእንስሳት ሐኪም ስልክ የሰጠችኝ ጎረቤቴ ናት። ስሙን አልጠራም። ልጽፍልህ ነው ስለው «እትዬ፣ እባክዎ ይተዉኝ» ብሎ ሳቀ። ጽሁፉን ፈቀደ፣ ስሙን ከለከለ።

ሞተሩን አቁሞ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የት ነው የሚግጡት?» ብሎ ነው። ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ በሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ጨፌ ላይ ነበሩ። ወስጄ አሳየሁት። ጫማውን አውልቆ ገባና ከጭቃው አንዲት ቀንድ አውጣ ለቅሞ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከስንዴ ፍሬ ብትበልጥ በትንሹ ነው። የጉበት ትሉ በእሷ ሆድ ተባዝቶ ይወጣል፣ ከዚያ ሳሩ ላይ ተለጥፎ የሚግጠውን ይጠብቃል። ይህን ሲነግረኝ እረኛችን አጠገባችን ቆሞ ሳር ያኝካል። «ትፋው! ለሰውም አይመለስም» ብሎ ጮኸበት። ልጁ እስከ ዛሬ ሳር አፉ አያደርስም።

ከዚያ ደም ወሰደ። አምስት በጎች መርጦ ከአንገታቸው ቀዳ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ብልቃጥ። ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ። በባለ ቀዩ ውስጥ ግን ደሙ ይረጋና ከላይ የሚቀረው ውሃ፣ ሴረም የሚሉት፣ ይቀዳል።

እኔ ደግሞ ነገር ማየት እወዳለሁ፣ ተከትየው ሄድኩ። ደሙን እንደ ክር በቀጠነች የመስታወት ቱቦ ሞልቶ በማሽን ለ5 ደቂቃ አሽከረከረው። ሲያወጣው ቀዩ ከታች ተጠቅጥቋል፣ ከላይ ያለው ቢጫ ውሃ ነው። የሌላ ሰው ጤነኛ በግ ደም ጎን ለጎን አቆመልኝ። የዚያኛው ቀይ የቱቦውን ሲሶ ይሞላል። የእኔዋ 16 በመቶ ብቻ። ጤነኛ በግ ከ27 እስከ 45 ድረስ ሊሆን ይገባዋል።

«ደሟ አልቋላ!» አልኩ።

«አልቋል። ግን ማን እንደጨረሰው ይሄ ብቻውን አይነግረንም» አለኝ።

ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ደም የሚመጥ ሌላ ትል አለ፣ እሱም በጎችን እንዲህ ያነጣል። እሱ ቢሆን ኖሮ ግን በጠጡ በእንቁላል ይሞላ ነበር። ስለዚህ ሴረሙን በበረዶ ሳጥን አድርጎ የጉበት ምርመራ ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ላከው።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ እኔም በገባኝ ልክ ልጻፈው። ኤኤስቲ የሚባለው የጉበት ሥጋ ሲጎዳ ደም ውስጥ ይፈሳል። ችግሩ ጡንቻም ሲጎዳ ይፈሳል። ጂኤልዲኤች የሚባለው ከእሱ ይልቅ ጉበትን ለይቶ ይናገራል፣ ያን የሚሠራ ቦታ ግን አላገኘም። ይህንንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ጂጂቲ ደግሞ የሐሞት ቱቦው ሲቆስል ነው የሚጨምረው። የእኔ በጎች ኤኤስቲ ጣሪያ ነክቷል፣ ጂጂቲው ግን ገና ትንሽ ነው ከፍ ያለው። ትሉ ጉበቱን እየቦረቦረ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ገብቶ አልተደላደለም ማለት ነው። እንቁላል የሚጥለው ቱቦው ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በጉ ከተያዘ ከ10 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። በጠጡ ነጻ የመሰለው ለዚህ ነው። አልቤንዳዞልም የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ገንዘቤን በከንቱ ነበር ያፈሰስኩት።

«አዎ ወይ አይ ብሎ የሚገላግል ምርመራ የለም ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። በደም ውስጥ ሰውነቱ ትሉን ለመከላከል የሚሠራውን የሚያሳይ ምርመራ አለ፣ በጉ ከተያዘ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል አለኝ። ግን ትሉ ከሞተም በኋላ ወራት ይቆያል። አዎ ቢልም ትሉ አሁን አለ ማለት አይደለም።

በዚያው ሰሞን ሦስተኛዋ ሞተች። እዚያው ግቢ ከፈታት። ጉበቷ ብል እንደበላው ነጠላ ሆኗል፣ በየቦታው ደም የቋጠረ መስመር። በቢላው ጎን ጫን ሲለው ትንንሽ ቅጠል የሚመስሉ ነገሮች ወጡ። እሷ ሳትከፈት ደሙ የነገረን ይሄንኑ ነበር።

የሰጣቸው ትሪክላቤንዳዞል ነው። የትሉን ጫጩትም ያደገውንም ይገድላል። በግምት አልሰጠም። እያንዳንዷን በሚንጠለጠል ሚዛን መዝኖ፣ ለኪሎ 10 ሚሊግራም እያሰበ አጠጣ። ጨፌውን አሳጠረኝ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አንድም በግ እንዳላርድና እንዳልሸጥ አስጠነቀቀኝ። ለገና ዶሮ ሠራን። ባለቤቴ እስከ ጥምቀት አጉረመረመ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ በወሩ ሳልጠራው መምጣቱ ነው። ከእነዚያው አምስት ደም ወስዶ ያችን ቱቦ አሳየኝ። 16 የነበረችው 26 ደርሳለች። ጂጂቲው ገና አልወረደም፣ የሐሞት ቱቦው ቁስሉ እስኪሽር ነው አለኝ። ለዚያ ምልልስ ገንዘብ ስሰጠው እምቢ አለ። በጠቅላላው ያወጣሁት ከአንድ ሙክት ዋጋ አይበልጥም። 16ቱም ዛሬ በረት ውስጥ አሉ።

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ በጋችሁ ከከሳ ወይ አገጩ ሥር ውሃ ከቋጠረ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። በሚመጣበት ቀን በጎቹን አታሰማሩ፣ ደም ሲወስድ ጠንካራ ያዥ ያስፈልገዋል። ቡና አፍልታችሁ አትድከሙ። እሱ ሻይ ነው የሚጠጣው፣ ስኳር በዛ ተደርጎ።