ደብረ ሊባኖስ ወይስ አዋሽ፦ ለቡድን ጉዞ የሁለት ሸለቆዎች ንጽጽር

ከአዲስ አበባ በመኪና ወጥተው የወንዝ ሸለቆ ማየት ለሚፈልጉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የማኅበር አባላት እንዲሁም ከውጭ የመጡ ዘመዶቻቸውን ይዘው ለሚጓዙ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ለምርጫ የሚቀርቡት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ በስተሰሜን ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው የደብረ ሊባኖስ ገደልና በስተምሥራቅ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ። ሁለቱም ያማሩ ስለሆኑ በመልክዓ ምድር ማበላለጡ ብዙም አይጠቅም። ምርጫውን የሚወስነው በቡድኑ ውስጥ እነማን እንዳሉና ለአዳር የሚወጣ ገንዘብ መኖር አለመኖሩ ነው።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በሱሉልታ በኩል ማልዶ የወጣ ቡድን እዚያው ውሎ ሳይመሽ ይመለሳል። አዋሽ ፓርክ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ቢያቀልለውም፣ ከዚያ ወዲያ እስከ መተሐራ ድረስ ወደ ጅቡቲ ከሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ጋር እየተጋፉ መሄድ ግድ ነው። አዋሽን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚል ጥቅል ጉዞ ቢቀርብላችሁ አትግዙት። ሳላውና የሜዳ ፍየሉ እንደ ልብ የሚታዩት በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ተጓዥ የሚደርሰው እንስሳቱ ከግራር ሥር በተጠለሉበት፣ ሙቀቱም በበረታበት ሰዓት ነው።

ደብረ ሊባኖስ ዕድሜው ለተቀላቀለ ቡድን ይሻላል የምልበት ምክንያት ሁሉም የሚውልበት ነገር ስለማያጣ ነው። ትልልቆቹ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተውን ገዳም ይሳለማሉ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር ስለተጨፈጨፉት መነኮሳትና ምእመናንም ለልጆቻቸው ይነግራሉ። ወጣቶቹ የፖርቱጋል ድልድይ እየተባለ ወደሚጠራው፣ በእርግጥ ግን ራስ ዳርጌ ወዳሠሩት የድንጋይ ድልድይ ይወርዳሉ። መንገዱ አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ ቁልቁለትና ድንጋያማ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከላይ ገደሉን እያዩ ቡና ቢጠጡ ይመረጣል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣሩን በጣቶቻቸው ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ሲበሉ ከቅርብ ይታያሉ፤ ሲመሽም ለማደር ወደ ገደሉ ፊት ይወርዳሉ። አፋፉ አጥር የሌለው በመሆኑ ለሕፃናቱ ተጠሪ ሰው አስቀድሞ መመደብ ያስፈልጋል። ወር በገባ በ24ኛው ቀን፣ በተለይም በነሐሴና በታኅሣሥ፣ ገዳሙ በምእመናን ይጨናነቃል፤ ለንግሥ ካልሆነ በቀር ሌላ ቀን ይመረጥ። ገዳሙን ለመሳለም የሚገቡ ሴቶች ቀሚስና ነጠላ ይዘው ይውጡ።

በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ፓርክ በበኩሉ ጊዜ ለሚሰጠው ሰው ይበልጥ ይክሳል። ወንዙ ከፏፏቴው በታች በጥልቅ ገደል ውስጥ ያልፋል፤ ከጀርባው የፈንታሌ ተራራ ይታያል፤ በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍም በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ አለ። ወንዙ አዞ ስላለበት መዋኘት የሚያምረው ሰው ምኞቱን ዋጥ ያድርገው። አካባቢው ቆላ ስለሆነ ሙቀት ለማይስማማቸው አረጋውያን አይመችም፤ የወባም ስጋት አለበትና አዳሪዎች አልጋው አጎበር ያለው መሆኑን ያረጋግጡ።

በወጪ ረገድ ደብረ ሊባኖስ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ኮስተር ወይም ሚኒባስ ኪራይ፣ ምሳና የመግቢያ ክፍያ ብቻ ነው። አዋሽ ላይ የመኝታው፣ የሾፌሩ የአዳር አበል፣ የፓርኩ መግቢያና የስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ አጃቢ) ክፍያ ይደመራሉ፤ ፍልውሃ መድረስ የሚፈልግ ቡድን ደግሞ እንደ ላንድክሩዘር ያለ ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆን መኪና ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሁለት አስጎብኚዎችን ዋጋ ከማወዳደር በፊት ነዳጁ፣ አበሉና የመግቢያው ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባል። የውጭ አገር ፓስፖርት የያዙ ተጓዦች የሚከፍሉት ስለሚለይ ቁጥራቸው ቀድሞ ይነገር። ጉዞው ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በአጽዋማት ወቅት ከዋለ የጾም ምግቡም አብሮ ይታዘዝ።

ስለ ወቅቱ፣ የሁለቱም ውሃ የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ በመስከረም የደብረ ሊባኖስ ጅረት ከድልድዩ አልፎ ወደ ገደሉ ሲወረወር ይታያል፤ በየካቲት ግን ሲንጠባጠብ ሊገኝ ይችላል። ለእንስሳት ሲባል ወደ አዋሽ የሚሄድ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ሙቀቱም ይቀልለታል።

የመንገድ ደኅንነትን በተመለከተ የሰሜን ሸዋው መስመር ባለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር የታየበት ነው፤ ከደብረ ሊባኖስ አልፎ ጎሐ ጽዮንንና የዓባይን በረሃ በዚያው ቀን ልጨምር ማለትም በዚህ የተነሣም ሆነ በርቀቱ አይመከርም። በፈንታሌ አካባቢም በ2017 ዓ.ም. በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ስለዚህ የትኛውም ይመረጥ፣ በመነሻው ሳምንት ወደ ሆቴሉ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅና መንገዱ ቢዘጋ ቀብዱ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚቀየር በውሉ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።