ማይክሮሶፍት አክሰስ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው፦ ማክሮውና ቪቢኤው ሲፈተሹ

የሱቅ ክምችት ወይም የክሊኒክ ካርድ መዝገብ ከኤክሴል አቅም በላይ ሲሆን ብዙ ቢሮዎች የሚዞሩት ወደ አክሰስ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ፕሮግራም ሲሆን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ማክ የያዘ ከወዲሁ ሌላ ይፈልግ። ፕሮግራሚንግ ለሚጀምር ግን ምቹ ነው። ቴብሉ (መረጃው የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ)፣ ፎርሙ (መረጃ የሚሞላበት ገጽ) እና ኮዱ አንድ ፋይል ውስጥ ስለሆኑ የተጻፈው ነገር እዚያው ይሞከራል።

ጀማሪ በማክሮ (በተራ የሚፈጸሙ ዝግጁ ትእዛዞች) ይጀምር። በተን ሲጫኑ ሪፖርት እንዲከፈት ለማድረግ ትእዛዙን ከዝርዝር መምረጥ ይበቃል። ስሙ «አውቶኤክሰክ» የሆነ ማክሮ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ራሱ ይነሳል፤ ሺፍት ተጭኖ የከፈተ ሰው ግን ስለሚያልፈው እንደ ጥበቃ አይቆጠርም። ማክሮ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የፎርሙን ማክሮዎች ወደ ቪቢኤ (አክሰስ ውስጥ ያለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) የሚቀይር ትእዛዝ አለ፤ የወጣውን ኮድ ማንበብ ከብዙ ቪዲዮ ይሻላል።

ቪቢኤ ውስጥ የሞጁሉ (የኮዱ ገጽ) የመጀመሪያ መስመር «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» ይሁን። እሱ ከሌለ በፊደል ግድፈት የተጻፈ ቫሪያብል (እሴት የሚይዝ ስም) እንደ አዲስና ባዶ ይቆጠራል፤ ድምሩ ዜሮ ይመጣል እንጂ ስህተት አለ የሚል የለም። ሌላው የተለመደ ጥፋት «ሴትዋርኒንግስ»ን (ማስጠንቀቂያ የሚያበራና የሚያጠፋ ትእዛዝ) አጥፍቶ ዲሊት ኩዌሪ (መረጃ የሚሰርዝ ትእዛዝ) ማስኬድ ነው። ኮዱ መሃል ላይ ከቆመ ማስጠንቀቂያው እንደጠፋ ይቀርና ቀጣዩ ዲሊት ሳይጠይቅ ያልፋል። በምትኩ ኩዌሪው በ«ከረንትዲቢ ኤክስኪዩት» ትእዛዝ ከ«ዲቢፌይልኦንኤረር» አማራጭ ጋር ሲሄድ ማረጋገጫ አይጠይቅም፣ ስህተት ሲኖር ግን ይናገራል።

ቀን ላይ መጠንቀቅ ነው። ኮድ ውስጥ በሁለት # ምልክት መካከል የተጻፈ 5/3 የዊንዶውስ የቀን አቀማመጥ ምንም ይሁን ምን ማርች 5 ሳይሆን ሜይ 3 ነው። 13/3 ግን 13ኛ ወር ስለሌለ ማርች 13 ተብሎ በትክክል ይነበባል። ከ12 በኋላ ያሉት ቀናት ልክ ስለሚመጡ ነው ስህተቱ ሳይታወቅ የሚከርመው። ዓመቱን አስቀድሞ 2025-03-05 ብሎ መጻፍ ይፈታዋል። የቀን ፊልዱ ጳጉሜን አያውቅም፤ ፈረንጅኛውን አስቀምጦ የኛን በራስ ፈንክሽን ማሳየት ነው።

ትልቁ ቅሬታ የኮድ መስኮቱ ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) አለመሆኑ ነው። ቴብል፣ ፎርምና ሪፖርት አማርኛን በደንብ ይይዛሉ፤ ኮድ ውስጥ «ተመዝግቧል» ብለው ሲጽፉ ግን ????? ይሆናል። መልእክቶቹን ቴብል ውስጥ አስቀምጦ በ«ዲሉክአፕ» (ከቴብል እሴት ፈልጎ የሚያመጣ ፈንክሽን) መጥራት መፍትሔ ነው፤ የሚታዩትም ፎርም ላይ ባለ ሌብል ይሁን፤ «መሴጅቦክስ»ም (ብቅ የሚለው የመልእክት ሳጥን) ያው የጥያቄ ምልክት ነው የሚያወጣው።

አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፤ የተሰረዘውም «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» እስኪደረግ ቦታ አይለቅም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ቴብሎቹ ሰርቨር ላይ፣ ፎርምና ኮዱ በየሰው ኮምፒውተር ይቀመጡ። ዋይፋይ አይታመንም፤ በጽሕፈት መሃል ከተቋረጠ ፋይሉ ይበላሻል፣ መብራት ሲሄድም እንዲሁ። ገመድና ዩፒኤስ ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ይታሰቡ።