ለአሮጌ ጭቃ ቤት መሠረት የቱ ይሻላል? ሊሾ፣ ክፍት ቦይ ወይስ የተቀበረ ቱቦ

አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ጭቃ ቤት ያላችሁ ሰዎች መሠረቱን ከውኃ ለመጠበቅ ግንበኛ ስትጠሩ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱን ይነግራችኋል፦ ዙሪያውን ሊሾ እናድርገው፣ ቦይ እናውጣለት፣ ቱቦ እንቅበርለት። ሦስቱ ግን የሚከለክሉት ውኃ አንድ ዓይነት አይደለም።

በቅድሚያ ጣሪያውን እዩ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,800 ሊትር ውኃ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ሌላው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ገንዘብ ካጠረ ከአሸንዳ ጀምሩ።

ሊሾ ከሦስቱ ርካሹ ነው። ወደ ውጭ ካዘነበለና አፈሩ ቀይ ከሆነ ይጠቅማል። እንደ ቦሌና አቃቂ ጥቁር አፈር በሚበዛበት ቦታ ግን አልመክርም። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሊሾው ከግድግዳው ይለያይና ውኃው በስንጥቁ ቀጥታ ወደ መሠረቱ ይገባል። የጭቃ ግድግዳውን ግርጌ በሲሚንቶ መለሰንም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቋሚው እንጨት ከውስጥ ይበሰብሳል።

ለአብዛኛው ግቢ የምመርጠው ከግድግዳው ራቅ ብሎ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ ክፍት ቦይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ፌስታልና ቅጠል ሲደፍነው ይታያል፣ በአካፋ ይጠረጋል። ቦታ መያዙ እውነት ነው፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ወይም ሕፃናት ካሉ የሚነሳ ክዳን ያስፈልገዋል።

የተቀበረ ቱቦ ውዱ ነው። የሚያዋጣው ውኃው ከመሬት ውስጥ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ዝናቡ ካቆመ ቀናት አልፈውም ወለሉ ከረጠበ፣ ክፍት ቦይ አይደርስበትም። የተበሳ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ በጠጠር መሐል ይቀመጣል፤ ጠጠሩም ውኃ በሚያሳልፍ፣ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ (ጂኦቴክስታይል) ይጠቀለላል። ጨርቁን «አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛን አትቀበሉ፤ ጭቃው ጠጠሩን ይደፍነዋል፣ ከተቀበረ በኋላ ደግሞ ማየት አይቻልም። ማዕዘኖቹ ላይ የመጥረጊያ ክዳን አስቀምጡ።

ቱቦው ቁፋሮ ስለሚፈልግ አደጋም አለው። የአሮጌ ቤት የድንጋይ መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም። አጠገቡ ሆኖ ከመሠረቱ ግርጌ በታች መቆፈር ግድግዳውን ሊያስዘምም ይችላል። በርዝመት ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ እየቆፈራችሁ፣ እየሞላችሁ ሂዱ፤ ሥራውንም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ጨርሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውኃው የት እንደሚወጣ ግንበኛው ቆሞ ያሳያችሁ። ወደ መጸዳጃ ጉድጓድም ሆነ ወደ ፍሳሽ መስመር መግባት የለበትም። በቆዩ ሰፈሮች አስፋልቱ ከግቢው ከፍ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ መውጫው በታችኛው ጎረቤት በኩል ሊሆን ስለሚችል፣ ቁፋሮው ሳይጀመር ከእነሱ ጋር ተስማሙ።