ከሙቀት ለሚመጣ ድካም የተሠራ ሰደሪያ፦ የስምንት ወር ተሞክሮ

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከእግሬ መደንዘዝም ሆነ ከዓይኔ መፍዘዝ ይልቅ የፈተነኝ ድካሙ ነው፤ ሌሊቱን ተኝቼ ባድርም የማይለቀኝ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከመቀመጫዬ የማያስነሣኝ ድካም። በዚህ ምክንያት የማቀዝቀዣ ሰደሪያ ገዝቼ ለስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁ፤ ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎችም ጥቅሙን ከነጉድለቱ እገልጻለሁ።

ኤምኤስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ውስጥ የነርቭ ክሮችን የሚጠብቀውን ማይሊን የተባለ ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በጭንቅ ስለሆነ፣ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንኳ ከፍ ሲል መልእክቱ ሊዳከም ወይም ሊቋረጥ ይችላል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ አካላዊ እንቅስቃሴ ካደረጉ በኋላ የሕመምተኞች እይታ ለጊዜው እንደሚደበዝዝ እ.ኤ.አ. በ1890 ስለገለጸ፣ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ምልክቱ ይለቃል፤ ሰደሪያው የሚሠራውም ሰውነትን በማቀዝቀዝ ነው።

የእኔ ሰደሪያ በፊትና በጀርባ ኪሶቹ አራት ከረጢቶችን ይይዛል። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከውኃ በተለየ በ14 ዲግሪ አካባቢ የሚረጋ በመሆኑ ቅዝቃዜው እንደ በረዶ አይቆረጥምም፤ በረዶ ባለበት ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላም ሁለት ሰዓት ገደማ ያገለግላል። ቀደም ሲል በውኃ ተነክሮ የሚለበሰውን ዓይነት ሞክሬ ነበር። እርሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው ውኃው ሲተን ስለሆነ አየሩ እርጥበት በበዛበት ቀን እርጥብ ልብስ ከመሆን አያልፍም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰደሪያውን የምለብሰው ከደከመኝ በኋላ ስለነበር ጥቅሙ እምብዛም አልታየኝም። ምድጃ ፊት ከመቆሜ ወይም የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴዬን ከመጀመሬ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ መልበስ ስጀምር ግን ልዩነቱ ግልጽ ሆነ፤ ቀድሞ በመካከል አቋርጬ እተኛበት የነበረውን ሥራ አሁን ጨርሼ፣ ከዚያም ከቤተሰቤ ጋር ተቀምጬ ለመጫወት የሚበቃ አቅም ይተርፈኛል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት «ድካምን ያስወግዳል» ማለቱ ትክክል አይደለም። የኤምኤስ ድካም ከሕመሙ ራሱ፣ ከተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ከድባቴ፣ ከምንወስደው መድኃኒት ወይም ከደም ማነስ ሊመጣ ይችላል፤ ለእነዚህ ቅዝቃዜ አይረዳም። እኔም ሰውነቴ ቀዝቅዞ ሳለ ድካሙ ያልለቀቀኝን ቀናት መመዝገብ ስጀምር፣ አብዛኞቹ ሌሊት ለሽንት ደጋግሜ በተነሣሁባቸው ማግስት የዋሉ ሆነው አገኘኋቸው። ለሐኪሜ ነግሬ ለፊኛዬ ሕክምና ካገኘሁ ወዲህ እንቅልፌ ተሻሽሏል። ሰደሪያው የትኛው ድካም ከሙቀት፣ የትኛው ከሌላ ምክንያት እንደሚመጣ እንድለይ ማስቻሉን ከማቀዝቀዙ ባልተናነሰ አከብረዋለሁ።

ጉድለቶቹን በተመለከተ፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሚዛኔን መጠበቅ በሚያቅተኝ ቀን ተቀምጬ ካልሆነ አልለብሰውም። ከዚህ የሚብሰው የማያያዣው ነገር ነው፤ ጣቶቻቸው ለሚደነዝዙ ሰዎች ተብሎ በተሠራ ልብስ ላይ ጥቃቅን መቆለፊያ ማድረግ ተጠቃሚውን አለማሰብ ነው። እኔ አስፈትቼ በምትኩ ሰፋፊ ቬልክሮ አሰፍቼበታለሁ። ቆዳው ቅዝቃዜን በደንብ የማይለይ ሰው በስስ ልብስ ላይ ደርቦ ሊለብሰውና ቆዳውን በየጊዜው ሊያይ ይገባል፤ ብርድ ሲነካው ጣቶቹ የሚነጡ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይሻላል።

ሙቀት ድካሙን እንደሚያብስበት ለሚያውቅ ሰው ሰደሪያውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ድካሙ በቀዝቃዛውም በሞቃቱም ቀን እኩል ለሆነበት ግን አልመክርም። የሚገዛ ሰው ሁለተኛ ዙር ከረጢቶች አብሮ ይግዛ፤ የመጀመሪያዎቹ ሲቀልጡ ሌሎቹ ረግተው ካልጠበቁ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ መጀመር አይቻልም።